ፓው ብራዚል

ፓው ብራዚል በብራዚል ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚገኘው የአትላንቲክ ደን ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅል፣ እንጨቱ ጠንካራ የሆነ ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፓውብራዚሊያ ኤኪናታ ሲሆን የአተርና የባቄላ ቤተሰብ አባል ነው፤ ግራርም ከዚሁ ቤተሰብ ይመደባል። የብራዚል አገር ስሟን ያገኘችው ከዚህ ዛፍ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንጨቱ ለቀይ ማቅለሚያ ይፈለግ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በተለይ የሚፈለገው ለቫዮሊን ደጋን ነው። ለረጅም ዘመን ስለተቆረጠና ደኑም ስለተመነጠረ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዛፎች አንዱ ሆኗል።

የዛፉ ጠባይ

ዛፉ ብዙውን ጊዜ እስከ 15 ሜትር ይረዝማል። ግንዱ፣ ቅርንጫፎቹና የፍሬው ልባስ እሾህ አላቸው፤ «ኤኪናታ» የሚለው የሮማይስጥ ቃልም «እሾሃም» ማለት ነው። አበባው ቢጫ ሲሆን ከአበባው ቅጠሎች በአንዱ ላይ ቀይ ምልክት ይታያል። ፈረንሳዊው ሊቅ ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1785 ሴሳልፒኒያ ኤኪናታ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2016 ነው።

የግንዱ ውጪኛ ክፍል ገርጣ ያለ ነው። ተፈላጊው ውስጠኛው እንጨት ነው። ይህ ክፍል አዲስ ሲቆረጥ ብርቱካናማ ሲሆን አየር ሲያገኘው እየቀላ ይሄዳል። በጣም የታመቀ ስለሆነ ክብደቱ ከውሃ ክብደት ጋር ይቀራረባል። ለሥራ የሚበቃ ውፍረት እስኪይዝ ግን አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል።

የስሙ አመጣጥ

የጠረፉ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቱፒዎች ዛፉን «ኢቢራፒታንጋ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ቀይ እንጨት» ነው። አውሮፓውያን ደግሞ ከእስያ የሚመጣ ሌላ የማቅለሚያ እንጨት ቀድሞ ያውቁ ነበርና እሱን «ብራዚል» ይሉት ነበር። ቃሉ ብዙውን ጊዜ «ፍም» ከሚለው የፖርቱጋልኛ ቃል «ብራዛ» ጋር ይያያዛል። የፖርቱጋሉ መርከበኛ ካብራል በ1500 ጠረፉ ላይ ሲደርስ አገሩን «ቬራ ክሩዝ» (እውነተኛው መስቀል) ብሎ ሰይሞት ነበር። ይሁን እንጂ ከንግዱ የተነሣ የእንጨቱ ስም አሸንፎ ቀረ።

ለማቅለሚያ

ትኩስ እንጨቱ ውስጥ ብራዚሊን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። ይህ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ብራዚሌይን ወደሚባል ቀይ ቀለም ይለወጣል። ቀለሙን ለማውጣት ጠንካራው እንጨት መፈቅፈቅና ዱቄት መሆን ነበረበት። በአምስተርዳም በ1596 የተከፈተው የወንዶች ወህኒ ቤት ይህን ሥራ በእስረኞች ያሠራ ስለነበር ስሙ «ራስፕሃውስ»፣ ማለትም «የሞረድ ቤት» ሆነ።

የፖርቱጋል ንጉሥ የእንጨቱን ንግድ በብቸኝነት ይዞ ለነጋዴዎች በውል ይሰጥ ነበር። ፈረንሳዮችም በጠረፉ ይነግዱ ነበር። ዛፉን ቆርጠው እስከ ባሕሩ የሚሸከሙት ቱፒዎች ሲሆኑ በምትኩ መጥረቢያ፣ ቢላዋና ጨርቅ ያገኙ ነበር። የብረት መጥረቢያው ራሱ የዛፉን መቆረጥ አፋጠነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በፋብሪካ የሚሠሩ ቀለሞች ሲመጡ የማቅለሚያው ንግድ አበቃ።

ለደጋን

ደጋን የፈረስ ጭራ የተወጠረበት፣ የቫዮሊንን አውታሮች እየፈተገ ድምፅ የሚያወጣ ዘንግ ነው። የዘመናዊውን ደጋን ቅርጽ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ ያጸናው ፍራንስዋ ዛቪየ ቱርት የመረጠው ይህንን እንጨት ነበር። በሙያው ዘንድ እንጨቱ በብራዚል ግዛት ስም «ፔርናምቡኮ» ይባላል። እንጨቱ ቀጭን ሆኖ እንኳ ጠንካራና ተለጣጭ ነው፤ በእሳት አሙቀው ሲያጎብጡትም ቅርጹን ለብዙ ዓመታት ይይዛል። የቫዮሊን ደጋን ወደ 60 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ ነገር ግን ቀጥ ያለና እንከን የሌለው ክፍል ብቻ ስለሚመረጥ ከግንዱ አብዛኛው ይባክናል። ኢፔ የተባለው ሌላ የደቡብ አሜሪካ ጠንካራ እንጨትና የካርቦን ጭረት በምትኩ ይሠራባቸዋል፤ ብዙ ሙያተኞች ግን አሁንም ፔርናምቡኮን ያስቀድማሉ።

ጥበቃው

ብራዚል በ1978 ዛፉን በሕግ ብሔራዊ ዛፍ አደረገችው። በ2007 ለመጥፋት በተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይቴስ) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ስለዚህ ግንዱና ጥርቡ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በ2022 በፓናማ በተካሄደው ጉባኤ ብራዚል ዛፉ ወደ ጥብቁ አንደኛ ዝርዝር እንዲዛወር ጠየቀች። ጉባኤው በሁለተኛው ዝርዝር አቆየው፤ ሆኖም ያለቁ ደጋኖችም ከብራዚል ሲወጡ ፈቃድ እንዲያስፈልጋቸው ወሰነ።

ዛፉን ከዘር ማብቀል ይቻላል። በባሂያ ግዛት በካካዎ እርሻዎች ጥላ ውስጥ ይገኛል፤ ደጋን ሠሪዎችም ችግኝ ማስተከልን ይደግፋሉ። አስቸጋሪው ነገር ዛሬ የተተከለ ችግኝ ለደጋን የሚበቃው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በተጨማሪም ከተቆረጠ በኋላ የተተከለውን እንጨት ከዱሩ መለየት አዳጋች ነው። ስለሆነም ጥበቃው የእያንዳንዱን ግንድ መነሻ በሰነድ መከታተልን ይጠይቃል።