በቁጥር የሚታዘዙ ትንንሽ መኪናዎች በቤት ውስጥ

ሥራ የለመደ እጅ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ቀን በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲጽፍ ወይም በሱቅ ሲሸጥና ሲለውጥ የዋለ ሰው፥ ማታ ከቤቱ ሲገባ ለነፍሱ ደስታ የሚሆን ሌላ ሥራ ይሻል። አንዱ አትክልት ይኮተኩታል፤ አንዱ በገና ይደረድራል፤ ሌላው ደግሞ እንጨት ይጠርባል። በዛሬው ጊዜ ግን በእነዚህ ላይ አዲስ የእጅ ሥራ ተጨምሯል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር እየታዘዙ እንጨት የሚፈለፍሉና በብርሃን የሚቆርጡ ትንንሽ መኪናዎችን በቤት አቁሞ ልዩ ልዩ ዕቃ መሥራት ነው። ነገሩ ወደ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ጥቅሙንም ጉዳቱንም በዚህ ገጽ ለማስረዳት አስበናል።

አስቀድሞ የነገሩን ምንጭ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው መኪና ሲ ኤን ሲ ይባላል፤ ትርጓሜውም በኮምፒዩተር ቁጥር የሚገዛ ማለት ነው። የብረታ ብረት ባለሙያዎቻችን ፍሬዛ የሚሉትን መኪና ሰው በእጁ መዘውር እያዞረ ይነዳዋል፤ ይኸኛውን ግን የሚነዳው የተጻፈ ቁጥር ነው። አሳቡን ያፈለቀው ጆን ፓርሰንስ የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፥ የሄሊኮፕተርን ክንፍ በትክክል ለመሥራት ሲደክም ያገኘው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ የሚታዘዝ ፍሬዛ ሠርተው አሳዩ። ሁለተኛው መኪና ሌዘር የሚባለው ነው። ቴዎዶር ሜይማን በ1960 ሩቢ ከሚባለው ቀይ ዕንቍ የመጀመሪያውን የሌዘር ብርሃን አወጣ፤ በ1964ም በሕንድ አገር የተወለደው ኩማር ፓቴል በካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር የሚሠራውን ሌዘር ፈለሰፈ። መኪናዎቹ ለብዙ ዘመን በታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ ይኖሩ ነበር። በ2009 ገርብል የተባለው የመኪና መሪ ፕሮግራም በነፃ ከተሰጠ ወዲህ ግን፥ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰውም በጠረጴዛው ላይ ሊያቆማቸው ቻለ።

የፍሬዛው አሠራር እንዲህ ነው። ሠሪው አስቀድሞ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ይነድፋል፤ ንድፉም ወደ ትእዛዝ ይለወጣል። ጂ 0 ተብሎ ሲጻፍለት መኪናው ሳይቆርጥ በፍጥነት ይሄዳል፤ ጂ 1 ሲባል እየቆረጠ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ኤም 3 ሲባል መቁረጫው መዞር ይጀምራል፤ ኤም 5 ሲባል ይቆማል። የሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች አንዱን ሙሉ ዙር አብዛኛውን ጊዜ በ200 እርምጃ ከፍለው ስለሚዞሩ፥ ከክር ውፍረት ያነሰ ርቀት እንኳ መሄድ ይችላሉ። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ስንኖር የተማርነው አንድ ነገር አለ፤ የጽሑፍ ትእዛዝ የሚፈጸመው በተጻፈበት ቃል እንጂ በጸሐፊው ልብ ባለው አሳብ አይደለም። ይህም መኪና እንደዚሁ ነው። 0.5 ሊጻፍ የሚገባው 5 ተብሎ ቢጻፍ፥ ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረው አምስት ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል፤ መኪናውም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ አሥር ጊዜ ለካ፥ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

አንድ ወዳጃችን ከእነዚህ መኪናዎች ሁለቱን በቤታቸው አቁመዋል። ፍሬዛው የሥራ ቦታው 30 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ዓይነት ነው። በእርሱ ለልጆቻቸው ገበጣ ሲፈለፍሉ አይተናል። በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ፥ እያንዳንዱ አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፥ በመካከሉ ስድስት ስድስት ሚሊ ሜትር ተትቶ ርዝመቱ 27 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንጨቱን በሞርሳ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ፥ መኪናው በአንድ ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ እየላጠ ይወርዳል፤ አብዝቶ ቢነክስ ቀጭኑ ፑንታ ይሰበራልና። በመጨረሻ ጫፉ ክብ በሆነ ፑንታ ጉድጓዱ ይለሰልሳል። ሥራው ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት በመካከሉ ቢጠፋም መኪናው ያለበትን ስፍራ ይረሳል። ወዳጃችን ግን የመነሻውን ነጥብ በእንጨቱ ጥግ ላይ አስቀድመው ስለሚበሱ፥ መብራት ሲመለስ ፑንታውን ከዚያው አድርሰው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

በሌዘሩ ደግሞ የሚሠሩት የፊደል ገበታ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉንም ከሦስት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ለይቶ ቈርጦ ለሕፃን መስጠት ታላቅ ስጦታ ነው። ዳሩ ግን ፊደሉ ከሰሌዳ ላይ ተቈርጦ ቀዳዳው ብቻ እንዲቀር ሲፈለግ፥ እንደ ዐ፥ እንደ መና እንደ ቀ ያሉት የዓይናቸው መሐል አብሮ ይወድቃል፤ ስለዚህ በቀጭን ድልድይ ማያያዝ ያስፈልጋል። ጥርስ ለጥርስ የሚገጣጠም ሣጥን ሲሠራም ብርሃኑ ራሱ ከአንድ እስከ ሁለት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር እንጨት አቃጥሎ እንደሚያጠፋ ማሰብ ይገባል፤ ይህ በንድፉ ካልታሰበ መጋጠሚያው ይላላል። ብልህ ሠሪ በቁራጭ ላይ ሳይሞክር ደኅናውን ሰሌዳ አይነካም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ደስታውን ነው። ነገር ግን የወዳጃችን ባለቤት አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ሰማን፤ «መኪናው ከገባ ወዲህ ባለቤቴ ማታ ማታ በቤት አለ፤ ግን የለም።» ሰውዬው በሩን ዘግተው እስከ እኩለ ሌሊት ይሠሩ ነበር፤ በሩን በረሱበት ጊዜ ደግሞ የአምስት ዓመቱ ሕፃን ሰማያዊውን ብርሃን ለማየት ሾልኮ ይገባ ነበር። ወይዘሮዋን ከሁሉ ይልቅ ያስፈራቸው ይኸው ነበር፤ ፍርሃታቸውም እውነት ነው።

የሌዘር ብርሃን እንደ ሻማ ብርሃን አይደለም። የሰማያዊው ሌዘር ብርሃን በዓይን ብሌን አልፎ በውስጠኛው የዓይን መጋረጃ ላይ ይሰበሰባል፤ ሳያሳምም አቃጥሎ ለዘለዓለም ሊያጠፋ ይችላል። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብርሃን ደግሞ ፈጽሞ አይታይም፤ የዓይንን የፊት ሽፋን ያቃጥላል። ከሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውም ይጎዳል። መከላከያ መነጽር አለ፤ ነገር ግን ለአንዱ ብርሃን የተሠራው ለሌላው አይሆንምና ከመኪናው ዓይነት ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። ከሁሉ የሚሻለው መኪናውን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ማኖርና ክዳኑ ሲከፈት ብርሃኑ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ባለ መስተዋት ቱቦው መኪና በአሥር ሺህ የሚቈጠር ቮልት ስለሚጠቀም ከጠፋም በኋላ ሊገድል ይችላል፤ ያልተማረ ሰው አይክፈተው። እሳት እንዳይነሣም መኪናው እየሠራ ሳለ ትቶ መሄድ አይገባም።

የሚቆረጠውም ነገር ይመረጥ። ኮምፔንሳቶ፥ ወረቀትና አክሪሊክ፥ ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ እስከ ወጣ ድረስ፥ ይሆናሉ። ፒ ቪ ሲ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጭስ ያወጣል፤ ይኸውም ሳንባን የሚያቆስል፥ የመኪናውንም ብረት የሚያዝግ ነው። ቆዳ የሚመስለው የሶፋ ልብስና የወለል ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ከዚሁ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ምንነቱ ያልታወቀ ቁራጭ ወደ መኪናው አይግባ።

በፍሬዛውም በኩል እመቤቶች ልብ ይበሉ። የነጠላ ጫፍ፥ ረጅም እጅጌ ወይም የተፈታ ጠጉር በሚዞረው ብረት ቢጠመጠም ሰውን ይዞ ይጎትታል፤ ጓንትም እንደዚሁ ነው። የእንጨት ትቢያ በ1995 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተቈጥሯልና፥ በመጥረጊያ ከማቡነን ይልቅ በሚስብ መኪና ይወሰድ፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈን።

ወዳጃችን ይህን ከተረዱ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ተማከሩ። ሌዘሩ ክዳን ያለው ሣጥን ተሠራለት፤ ለክፍሉም ቁልፍ ተደረገለት፤ ቁልፉም በወይዘሮዋ እጅ ሆነ። ሥራው በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጃቸው ንድፉን እንድትነድፍ ተፈቀደላት፤ ዛሬ ከአባቷ ይልቅ እርስዋ ቀጥ ያለ መስመር ታወጣለች። ሕፃኑም መኪናው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ገብቶ ፊደሉን በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ሀ ብሎ የቈጠረውም እጁ ባለሰለሰው ፊደል ነው።

በአገራችን የእጅ ሠራተኛ ብዙ ዘመን ጠይብ እየተባለ ሲናቅ እንደ ኖረ፥ ዐፄ ምኒልክም ይህን ስድብ በአዋጅ እንደ ከለከሉ የታወቀ ነው። ዛሬ የተማረው ሰው በፈቃዱ ትቢያ ለብሶ ገበጣ ሲፈለፍል ልጆቹ ቢያዩት፥ አዋጁ ያልጨረሰውን እርሱ በቤቱ ይጨርሰዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ወደ ቤታችሁ ለማስገባት የምታስቡ ሁሉ፥ ከመኪናው ዋጋ አስቀድሞ የመነጽሩን፥ የሣጥኑንና የጭስ ቱቦውን ዋጋ ቍጠሩ፤ ከዚያም ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ወስኑ። ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ የሚሠራው ሥራ ቤትን ያስጌጣል፥ ልጅንም ያስተምራል።