ጉሮሮ ብቻውን አይናገርም

ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ሲገኝ የሚመሰገነው ጉሮሮው ነው። ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር፣ ሰርግ ላይ ሸላይ ሲነሣ «ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው!» ይባልለታል። የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስለው የሠሩ መሐንዲሶች ግን ምስጋናው ግማሹ ያለ ቦታው እንደሚወድቅ አሳይተዋል።

«የድምፅ አውታር» የሚለው ስያሜ ራሱ ያሳስታል። እንደ ማሲንቆ ጭራ የተወጠረ ነገር ጉሮሮ ውስጥ የለም። ያሉት አንድ ተኩል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሁለት እርጥብ የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። የሳንባ አየር ገፍቶ ይከፍታቸዋል፣ እነሱም ተመልሰው ይገጥማሉ፤ በወንድ በሰከንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ፣ በሴት 200 ገደማ። እያንዳንዷን ምት አንጎል የሚያዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ፈረንሳዊው ራውል ሁሶንም እ.ኤ.አ. በ1950 በዚሁ ላይ ንድፈ ሐሳብ አቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን መሐንዲሶቹ ኢሺዛካና ፍላናጋን እያንዳንዱን እጥፋት በሁለት ክብደትና በሞላ ብቻ መስለው ኮምፒውተር ላይ አየር ነፉበት። ማንም በየምቱ ሳያዘው መርገብገብ ጀመረ።

ከዚያ የሚወጣው ግን ገና ቃል አይደለም፤ ቅል ውስጥ የገባ ንብ ዓይነት ጥዝዝታ ነው። ቃል የሚሆነው አፍ ውስጥ ነው። ምንጭ ወርዳ እንስራ የምትሞላ ሴት መሙላቱን ሳታይ በጆሮዋ ታውቃለች፤ ባዶው ቦታ ባጠረ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳላ። ከማንቁርት እስከ ከንፈር ያለው መንገድም እንደ እንስራው ነው፤ ርዝመቱ በአዋቂ ወንድ 17.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ወጥ ቱቦ ነው ብለን ብናሰላው በ500፣ በ1500 እና በ2500 ኸርዝ ያስተጋባል፤ ጆሮ ይህን እንደ «ኧ» ይሰማዋል። ምላስ ወደ ፊት ከፍ ሲል «ኢ»፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ከንፈር ሲሾል «ኡ» ይሆናል። ኬሊና ሎክባም ቱቦውን እንደ ሸንበቆ አንጓ ከፋፍለው ድምፁ በየአንጓው ስንቱ እንደሚያልፍ፣ ስንቱ እንደሚመለስ አሰሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 አይቢኤም 704 የተባለው ኮምፒውተር በዚሁ ዘዴ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ ዘፈነ።

የደጋ ስስ አየር ድምፅ ያቀጥናል የሚለውን ቶሎ ልለፈው፦ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት እንጂ ከፍታ አይደለም፤ የወሎ ቦረና ብርድ ምንም ቢበረታ አፍ ውስጥ ያለው አየር ሞቃት ስለሆነ ስሌቱ ውስጥ የሚገባው 350 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ጥሬ እንቁላልም ድምፅ አያለሰልስም። የምንውጠው በምግብ ቧንቧ ያልፋል፤ እጥፋቶቹን ከነካማ ውጤቱ ዜማ ሳይሆን ትን ማለት ነው።

እንስሳት የማይናገሩት አፋቸው ለንግግር ስላልተሠራ ነው የሚለውን ግን ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ አምነውበታል። በዚያው በወሎ ቦረና ደንቆሮ ጫካ፣ ገደል አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎችን ያዳመጠ ሰው ጥርጣሬ ያድርበታል፤ ከሩቅ ሰው እያወራ ይመስላል። የስሜን ጭላዳዎች ከንፈራቸውን እያርገበገቡ የሚያወጡት ድምፅ በምቱ ከሰው ንግግር ጋር እንደሚቀራረብ ተመራማሪው ቶር በርግማን እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቴክምሰ ፊችና ባልደረቦቹ ማካክ የተባለውን ጦጣ አፍና ጉሮሮ በኤክስሬይ ቀርጸው ኮምፒውተር ላይ አስመሰሉት፤ ተለይተው የሚሰሙ አምስት አናባቢዎች ወጡ። ጦጣው ያጣው አፍ ሳይሆን አፉን የሚያዝ አንጎል ነው።

አማርኛ የሚያነብ ስልክ ውስጡ ሰው ሠራሽ ጉሮሮ ያለው የሚመስለውም አለ። የለውም፤ ከተቀዳ የሰው ንባብ ተምሮ ነው፣ ስለ ምላስ አንዳች አያውቅም። እውነተኛው የጉሮሮ ሲሙሌሽን አማርኛ ላይ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። ይሞክሩት፦ ትንፋሽዎን ይያዙና «ጥ» ይበሉ። ይወጣል። «ት»ን ግን ትንፋሽ ሳይለቁ ማለት አይቻልም፤ «ጥ» ሆኖ ያርፋል። «ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ» ስንል እጥፋቶቹ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ፣ ማንቁርት እንደ ሲሪንጅ መግፊያ ሽቅብ ተነሥቶ የታፈነውን አየር ይጨምቃል። ጣትዎን ቢያስነኩት ሲዘል ይሰማዎታል። እዚህ ላይ ጉሮሮ ምስጋናው ይገባዋል፤ ማንቁርቱን አንድ ቦታ ቸክሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ጠጁን «ተጅ» ብሎ ነው የሚያቀርበው።