ያውቁ ኖሯል? ብስክሌት፣ ተሳቢና የገዳሪፍ ሜዳ

የኢትዮጵያዋን መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት በበጋ የሚደርቅ ትንሽ ወንዝ ነው። ድልድዩን በእግር ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሚዛኑ ግን ወዲያው ይለወጣል። መተማ ላይ የሰሊጥ ዋጋ የሚጠራው በኩንታል ነው፣ 100 ኪሎ ማለት ነው። ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ከተማ ላይ የሚጠራው በቀንጣር ነው፣ በሱዳን ልማድ ወደ 45 ኪሎ ገደማ። ለመሆኑ ኩንታልና ቀንጣር የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? በላቲን «መቶ» ከሚለው ሥር የወጣ ቃል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ዓረብኛ ውስጥ «ቂንጣር» ሆነ። ከዓረብ ነጋዴዎች ጋር ተመልሶ አውሮፓ ሲገባ ሌላ መልክ ያዘ፤ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ «ኩንታል» ተባለ። ዛሬ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ድልድይ ግራና ቀኝ ቆመው ይተያያሉ።

አሁን ይህን ልብ ይበሉ። ፋብሪካ ከሚያመርታቸው የብስክሌት ተሳቢዎች ውስጥ በጣም የተለመዱት እንዲጭኑ የሚፈቀድላቸው ወደ 45 ኪሎ ነው። ልክ አንድ ቀንጣር። ለከባድ ሥራ የሚሠሩት ጠፍጣፋ የብረት ተሳቢዎች ደግሞ እስከ 136 ኪሎ ይችላሉ፤ ሦስት ቀንጣር መሆኑ ነው። አንድ ጎማ ብቻ ያለው ጠባቡ ዓይነት ከ32 ኪሎ አያልፍም፣ ግን ብስክሌቱ ባለፈበት ቀጭን መንገድ ሁሉ ያልፋል።

የገዳሪፍ ከተማ የቀድሞ ስሟ ሱቅ አቡ ሲን ነበር፤ የአቡ ሲን ገበያ እንደማለት ነው። «ገዳሪፍ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የአገሬው ሰው ሲያስረዳ፣ ገበያ ሲበተን «ገዝቶ ሸጦ የጨረሰ ይሂድ» ተብሎ ይለፈፍ ነበር፣ ስሙም ከዚያ ጥሪ ወጣ ይላል። ገዝቶ የጨረሰ ሰው ደግሞ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ በምን ተሸክሜ ልሂድ?

ጥያቄው የቆየ ነው። የዛሬ 160 ዓመት ገደማ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በዚያ ሲያልፍ የገላባትና የመተማ ገበያ የሁለት አገር ጭነት መገናኛ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው ከደጋ በበቅሎና በአህያ ይወርዳል። ግመል ዳገቱን አይወጣም፣ የደጋ በቅሎም ቆላው አይስማማትም። ስለዚህ ጭነቱ እዚያው ወርዶ በሌላ ጀርባ ላይ ይጫናል። መተማን ከተማ ያደረጋት አንዱ ነገር ይህ የጭነት መለዋወጫ መሆኗ ነው።

ባቡር ገዳሪፍ የገባው በ1928 እ.ኤ.አ. ከከሰላ በኩል ነው፤ በዓመቱ ሴናር ደረሰ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የትራክተር እርሻ ተጀመረ፣ ዓላማውም ለጦር ሠራዊት ማሽላ ማቅረብ ነበር። ቀጥሎ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተሠራው ትልቁ የእህል ጎተራ መጣ። ባቡር፣ ትራክተር፣ ጎተራ፤ ሁሉም ለትልቁ ጭነት ናቸው። ለአንዲት ቀንጣር የቀረላት ጀርባ፣ አህያና ጋሪ ነው።

ስሞቹስ? ሱዳኖች ብስክሌትን «ዐጀላ» ይሉታል፣ መንኮራኩር ማለታቸው ነው። አህያ የሚጎትተው ጋሪ «ካሮ»፣ ከትራክተር ኋላ የሚታሰረው ደግሞ «ትሬላ» ይባላል። አማርኛ «ሳበ» ከሚለው ከገዛ ግሱ «ተሳቢ»ን አወጣ፤ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። የብስክሌቱ ዕቃዎች ግን አብዛኞቹ ስማቸውን ይዘው የመጡት ከጣሊያን ነው፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ከመነዳሪ። ጠጋኙም ጎሚስታ ነው።

ብስክሌት የሚነዳ ሰው በእግሩ ከሚሄድ ሰው ጋር ሲነጻጸር ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ምክንያቱ ቀላል ነው። እግረኛ በየእርምጃው የገዛ ክብደቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ክብደቱን ለጎማ አስረክቦ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ይቀረዋል። ተሳቢ ማለት ይህንኑ ዕድል ለጭነቱም መስጠት ነው።

ስሌቱን እናስላው። ሰውየው 65 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 20፣ ተሳቢው 15፣ ሰሊጡ 45፤ በድምሩ 145 ኪሎ። ደህና አስፋልት ላይ፣ ነፋሱን ትተን፣ ይህን ሁሉ ለማንከባለል የሚጠይቀው ግፊት 1 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲመጣ ግን በዚያ ላይ ሌላ 7 ኪሎ ይጨመራል። እንግዲህ ካርታውን ይመልከቱ። ገዳሪፍ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መተማ 700 ገደማ። በመካከላቸው ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ አለ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ የሁለቱ የከፍታ ልዩነት 100 ሜትር ገደማ ነው። ከመተማ ጎንደር ሲወጡ ግን ወደ 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ከ1,400 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቅዎታል። ለብስክሌት ተሳቢ የገዳሪፍ ሜዳ የተመረጠ አገር ነው፤ የጎንደር ዳገት ግን ለአይሱዙው ይተውለት። በእኛ በኩል ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት እንደለመደች ሁሉ ማለት ነው።

ተሳቢው እንዴት ይሠራል? ሁለት አሮጌ የብስክሌት ጎማ፣ ጥቂት ቱቦላሬ፣ ለወለሉ ላሜራ ወይም ጣውላ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ አንድ ጎበዝ በያጅ። ይህን የማያገኙበት የወረዳ ከተማ ጥቂት ነው። የሙያው ምሥጢር ያለው ማያያዣው ላይ ነው። ብስክሌት ሲታጠፍ ያዘነብላል፣ ተሳቢው ግን አብሮ ማዘንበል የለበትም። ስለዚህ መጋጠሚያው ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ በራሱ ዙሪያም መዞር አለበት። ይህን ሁሉ የሚችል ርካሽ ዕቃ ከአሮጌ ማሽን የወጣ ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። አንድ ስንዝር ተኩል ተቆርጦ አንዱ ጫፍ በተሳቢው ዘንግ፣ ሌላው ጫፍ በብስክሌቱ በኩል ይገባል፣ ሁለቱም በፋሼታ ይጠበቃሉ። ጎማው ይጠማዘዛል፣ ይተጣጠፋል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭም ድንጋጤውን ይውጣል። ከጎኑ አጭር ሰንሰለት ይታሰራል፤ ቱቦው አንድ ቀን ቢበጠስ ተሳቢው ብቻውን መንገድ ላይ እንዳይሄድ። ማያያዣው ከኮርቻው ሥር ሳይሆን ዝቅ ብሎ ከኋላው ጎማ መሐል ቢሆን ይሻላል። ከፍ ብሎ የታሰረ ተሳቢ ፍሬን ሲያዝ ብስክሌቱን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ከተጫነ በኋላ አንድ ፈተና አለ፣ ሚዛን አይፈልግም። ተሳቢውን ከብስክሌቱ ሳያያይዙ ዘንጉን በአንድ እጅ ያንሡት። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ያህል ከከበደዎ አጫጫኑ ልክ ነው። ዘንጉ ራሱ ወደ ሰማይ ከተነሣ ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቷልና ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይግፉት። ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭነት የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ከመሬት ያቀለዋል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ስንት ሰው በዚህ አንድ ነገር ወድቆ «ተሳቢ አይሆንም» ብሎ ትቶታል!

በዚያ አገር የተሳቢ ዋና ጠላት እሾህ ነው። ገዳሪፍ የግራር አገር ናት፤ ሙጫ የሚለቀመው ከግራር ነው፣ የከሰሉ እንጨትም ግራር ነው፣ የከብቱ በረት የሚታጠረውም በግራር ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ደርቆ ሲበተን እሾሁ አቧራ ውስጥ ተሰውሮ ይጠብቃል። ባለ ተሳቢ ደግሞ ከባለ ብስክሌት በእጥፍ የተጋለጠ ነው፤ አራት ጎማ አለውና፣ የተሳቢው ሁለቱ ጎማዎች ብስክሌቱ ካለፈበት መስመር ውጭ ግራና ቀኙን እያበጠሩ ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ያረጀ ጎማ አለመጣል ነው። የጎኑን ሽቦ ቆርጠው አውጥተው ቀሪውን ከአዲሱ ጎማ ውስጥ፣ ከከመነዳሪው በላይ ያነጥፉታል። ጎማው ይከብዳል፣ ትንሽም ያዘግማል፤ ነገር ግን በ40 ዲግሪ ፀሐይ ሜዳ መሐል ተቀምጦ ከመለጠፍ ማዝገም ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው ጠላት ዋልካው ነው። በበጋ አፉን ከፍቶ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ሲያገኝ እንደ ሊጥ ይሆናል። ቸርኬና ፍሬን መካከል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል። ከአስፋልቱ ከወጡ ክረምት የትራክተር ወራት ነው። እሱም አንዳንዴ ጭቃው ውስጥ ይቀራል።

ከባድ ነገር በዚያ አገር ሁልጊዜ እንደማይሳካለት ታሪክም ምስክር ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የብሪታንያ ጦር ገላባት ላይ የነበረውን የጣሊያን ጦር ሲያጠቃ ብዙዎቹን ታንኮች ያስቆማቸው የኮረብታው ድንጋይና ፈንጂ ነበር።

አህያን ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት የዓለም አህዮች ሁሉ የተገሩት ከዛሬ 7,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ አሳይቷል። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ውኃ በሚያጥራት ገዳሪፍ በርሜል የጫነው ካሮ የከተማዋ የደም ሥር ነው። አንድ በርሜል ውኃ 200 ኪሎ ይመዝናልና ብስክሌት በዚህ ከአህያ ጋር አይወዳደርም። ብስክሌት የሚያሸንፈው ሁለት ጀሪካን ላይ ነው፦ 40 ኪሎ፣ መኖ የለ፣ ጥበቃ የለ፣ ሲቆምም አይበላም። ሁለት ጀሪካን ከቦኖ ወደ ቤት የሚመላለሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሴትና በልጅ ጀርባ ነው። ስለ ተሳቢ ስጽፍ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ይህ ጀርባ ነው።

«ቦዳ ቦዳ» የሚለው ስም የተወለደው ድንበር ላይ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በኬንያና በኡጋንዳ መካከል ቡሲያ በምትባል ከተማ የሁለቱ ኬላዎች ርቀት ዕቃ ለያዘ እግረኛ አድካሚ ነበር። ብስክሌተኞች ከድንበር እስከ ድንበር ሰውና ዕቃ ማመላለስ ጀመሩ፣ በእንግሊዝኛ ድንበር የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ እየጠሩ። ሞተሩ የመጣው በኋላ ነው። የኮንጎን ወንዝ በሚያሻግረው ጀልባ ላይም በኪንሻሳና በብራዛቪል መካከል ንግዱን ለዓመታት የያዙት በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ላይ ዕቃ የሚጭኑ አካል ጉዳተኞች ነበሩ። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ እንደ መተማ ያለች የድንበር ከተማ በዚህ ሥራ ውስጥ ከፊት መሰለፍ ይገባታል ባይ ነኝ።

ቬትናማውያን በ1954 እ.ኤ.አ. ለዲየን ቢየን ፉ ውጊያ ስንቅ ካመላለሱባቸው ነገሮች አንዱ የሚገፋ ብስክሌት ነበር፣ አንዱ ብስክሌት ከ200 ኪሎ በላይ እየጫነ። ኩባ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነዳጅ ሲቋረጥባት ከ1 ሚሊዮን በላይ ብስክሌት ከቻይና አስመጣች። በጀርመን በተያዘችው ፓሪስ ታክሲ የነበረው ብስክሌት የሚጎትተው ተሳቢ ነው። ሁሉንም ያገናኛቸው ችግር ነው፦ ጦርነት ወይም የነዳጅ ዕጦት።

ይህ ለገዳሪፍ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ኡም ራኩባ የተባለው መጠለያ በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ ኢትዮጵያውያንን አስጠግቷል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለሸሹት ዳግም ተከፈተ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የስደቱ ጎርፍ ተገልብጦ ወደ መተማ መጣ። በሁለቱም አቅጣጫ ሰው ከቤቱ ይዞ የወጣው እጁና ጀርባው የቻለውን ያህል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን፤ ብቻውን ለሚሰደድ ሰው ግን የቀሩትን አርባ ዘጠኝ የሚይዝለት ሁለት ጎማ ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሰሊጡ ልመለስ። አንድ ሺህ የሰሊጥ ፍሬ 3 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንዲት ቀንጣር ውስጥ 15 ሚሊዮን ገደማ፣ አንድ ኩንታል ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ ማለት ነው። ተሳቢ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰሊጥ ደግሞ እንደ ውኃ ቀዳዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰሊጥ የሚጭን ሰው ጭነቱን ከማሰሩ በፊት ጆንያውን ገልብጦ ስፌቱን በጣቱ ይዳብሳል፣ ከሥሩም ሸራ ያነጥፋል፤ ዘንግቶት የሄደ እንደሆነ ደርሶ ዞር ሲል ከኋላው አስፋልቱ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ያያል፣ ወፎቹም ቀድመው ደርሰውበታል።