ጉቶው አልሞተም

በክረምት ችግኝ ተክለው ያውቃሉ? ምናልባት ከቤተ ክርስቲያንዎ ወጣቶች ጋር ወጥተው ይሆናል። በበጋውስ ተመልሰው ችግኙ ምን እንደ ሆነ አይተዋል? ብዙዎቻችን ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ አንወድም።

አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያና ሚሲዮናዊ ቶኒ ሪናውዶ ግን ሊሸሹት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1981 ከኤስ.አይ.ኤም. ጋር ወደ ኒጀር፣ ማራዲ አካባቢ ሄዱ። (በ1928 ወላይታ ገብቶ ወንጌልን የሰበከው ያው ሚሲዮን ነው።) በዚያ ነፋስ የማሳውን አፈር ይጠርገው ነበር። ችግኝ አፍልተው ተከሉ፤ አብዛኛው ደረቀ።

ከሁለት ዓመት ድካም በኋላ አንድ ቀን መኪናቸውን አሸዋው ላይ አቁመው የጎማውን ንፋስ ሲቀንሱ ተስፋ መቁረጥ ያዛቸው። በዚያች ሰዓት መጸለያቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ወዲያው ዓይናቸው አንድ ቁጥቋጦ ላይ ዐረፈ። ቀርበው ቅጠሉን ሲያዩት ቁጥቋጦ አይደለም፤ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ የወጣ ቀንበጥ ነው። ሜዳው እንዲህ ባለ ጉቶ የተሞላ ነበር። ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት አለ፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ በየዓመቱም ይቆረጣል፣ ይጋጣል። ኢዮብ 14፥7-9ን አውጥተው ያንብቡ፤ ስለዚሁ ነገር ይናገራል።

ዘዴው ቀላል ነው። ከጉቶው ከወጡት ብዙ ቀንበጦች ቀጥ ያሉትን ከሦስት እስከ አምስት ይተዉና ሌላውን ይቁረጡ። የተተዉትንም ከታች እስከ ቁመታቸው እኩሌታ ድረስ የጎን ቅርንጫፋቸውን ይመልምሉ። ከዚያ ከብትና ፍየል እንዳይደርስባቸው ይጠብቁ፤ በየጊዜውም ይመልምሉ። ምልምሉ ለማገዶ ይሆናል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ውኃ አጠጡኝ አይልም፤ ከችግኝም ፈጥኖ ያድጋል።

ከባዱ ሌላ ነው፤ ዛፉ የማን ነው? በኒጀር ዛፍ የመንግሥት ንብረት ተደርጎ ሲቆጠር ገበሬው ለምን ይጠብቀው? በማሳው ያለው ዛፍ የእርሱ እንደ ሆነ ሲያምን ግን ጠበቀው፤ በሃያ ዓመት ገደማ 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ ለበሰ።

ይኸው ጥያቄ ወላይታ ውስጥ በሁምቦም ተነሥቷል። ተራራው ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ተራቁቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ በታች ያለውን ማሳ ጭቃና ድንጋይ ያለብሰው ነበር። ወርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራውን ሲጀምር ነዋሪዎቹ መሬታችንን ሊወስዱብን ነው ብለው ፈሩ። ማን ይፈርድባቸዋል? ፍርሃቱን ያቀለለው ስብከት አልነበረም። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብታቸው በሰነድ ተረጋገጠላቸው። ከዚያ በኋላ 2,728 ሄክታር ከልለው ራሳቸው ጠበቁት። ከብት አይገባም፤ ሣሩን ግን አጭደው ይወስዳሉ።

በ2009 ደኑ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ። ዛፎቹ ከአየር የሚወስዱት ካርቦን እየተለካ በዓለም ባንክ ሥር ያለ ፈንድ ለማኅበራቱ ከፈለ፤ እነርሱም ከገንዘቡ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ቤት ሠሩ።

ታዲያ ችግኝ መትከል ይቅር ማለት አይደለም። ሥሩ ጭምር ተነቅሎ ባለቀበት ቦታ ምን ይመለመላል? በሁምቦም አብዛኛው ደን ከነባሩ ጉቶ ሲመለስ፣ ጉቶ ባልተገኘበት ቦታ ችግኝ አፍልተው ተክለዋል።