«ፈርሜ ኋላ እከሳለሁ» ለምትሉ

ትናንት ድምፅ በምቀዳበት ስቱዲዮ ያየሁት ነገር አናዶኝ በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት እለፉልኝ።

ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ጃዝ የምትዘፍን ልጅ ለማስታወቂያ ድምፅ ልትቀዳ መጣች። ጎበዝ ናት፣ ሁለት ቴክ በቂዋ ነው። ሥራው እንዳለቀ ደንበኛው ሁለት ገጽ ወረቀት አቀበላት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድምፅዋን «አሁን ባለም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር በማናቸውም ዘዴ፣ ያለጊዜ ገደብ» ይጠቀማል ይላል። ክፍያው የአንድ ቀን ነው። «አንብቢው እንጂ» ብላት ስልኳን አውጥታ ሰሞኑን የሚዞር ቪዲዮ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ አይጨነቁ፤ ፔጊ ሊም ፈርማ ኋላ ዲዝኒን ከሳ ሚሊዮን ወስዳለች።» ፈረመችና ሄደች።

ቪዲዮውን ማታ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚያስተው። (ከታች ከምጠቅሰው አዋጅ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

1. ስለ አሜሪካዊቷ የጃዝ ዘፋኝ ስለ ፔጊ ሊ «ታዋቂ ዘፋኝ ስለነበረች ገብታ ካርቱን አነበበች» ይላል። ንባብ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለ! በ1955 ለወጣው የዲዝኒ ካርቱን ፊልም «ሌዲ ኤንድ ዘ ትራምፕ» ከሙዚቃ ደራሲው ሶኒ በርክ ጋር ስድስት ዘፈን ጽፋለች። በዚያ ላይ የአራት ገጸ ባሕርያት ድምፅ ናት፦ የቤቱ እመቤት፣ ፔግ የምትባለዋ ውሻ፣ ሁለቱም የሲያም ድመቶች። (ድመቶቹ በእስያውያን ላይ ያላግጣሉ ተብለው ዛሬ ይወቀሳሉ፤ በ2019 ፊልሙ እንደገና ሲሠራ ያ ዘፈን ተቀይሯል። ወቀሳው ተገቢ ነው፣ ግን የዛሬ ጉዳዬ ሌላ ነው።)

2. የጃዝ ዘፋኝ ይህን ሥራ የሚችለው ማይክ ስለሚያውቅ ነው። ሊ ገና ወጣት ሳለች ፓልም ስፕሪንግስ ውስጥ አንድ ክለብ ትዘፍን ነበር፤ ሰዉ ሲንጫጫባት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ቤቱም ጸጥ አለላት። በ1941 ከጃዝ ሙዚቀኛው ቤኒ ጉድማን ባንድ ጋር መዝፈን ጀመረች፤ በኋላም ስሟ የተጠራው በዚያ ዝግ ባለ አዘፋፈን ነው። ትንፋሽን የት እንደሚወስዱ ማወቅ፣ ቃልን ከምቱ ትንሽ አዘግይቶ መጣል፣ ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ እንደሚናገሩ ሆኖ ማውራት፤ ይህን ሁሉ ዘፋኞቹ ይዘውት ይመጣሉ። ከመድረክ የሚመጡ ተዋንያን ግን የድምፅ መለኪያ ሜትሬን ቀይ እያስገቡ ይጮሁብኛል። የጃዝ ዘፋኙ ሉዊ ፕሪማ በ1967 «ዘ ጃንግል ቡክ» ላይ ዝንጀሮውን ንጉሥ፣ ስካትማን ክሮዘርስ በ1970 «ዘ አሪስቶካትስ» ላይ ስካት ካት የሚባለውን ድመት የሆኑት በዚሁ ችሎታ ነው። ክሮዘርስማ በ1980ዎቹ «ትራንስፎርመርስ» ላይ ጃዝ የሚባለውን ሮቦት ሆኖ ተጫውቷል።

3. ገንዘቡ። ሊ ለድምፅዋ የተከፈላት 3,500 ዶላር ነው። ለዘፈኖቹ 1,000 ዶላር ተሰጠ፣ እሱንም ከበርክ ጋር ተካፈሉት። ፊልሙ በ1987 በቪዲዮ ካሴት ወጥቶ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ እሷ ግን ከዚያ ሽያጭ ድርሻ አልነበራትም። በ1988 ዲዝኒን ከሰሰች። በ1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጁሪው 3.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደላት፤ ዳኛው ወደ 2.3 ሚሊዮን አወረደው፤ በቀጣዩ ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጸናው።

ቪዲዮው እዚህ ላይ ጭብጨባ አስገብቶ ያልቃል። ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው!

ያሸነፈችው አዝነውላት አይደለም። በ1952 የፈረመችው ውል ውስጥ፣ ከሥራዋ የተገኘውን ሸክላም ሆነ ሌላ ግልባጭ አዘጋጅቶ ለሕዝብ የመሸጥ መብት ለስቱዲዮው እንዳልተሰጠ የሚገልጽ አንቀጽ ነበረ። ያኔ የቤት ቪዲዮ የሚባል ነገር የለም። ፍርድ ቤቱ ግን ካሴትም ለሕዝብ የሚሸጥ ግልባጭ ነው አለ። ስለዚህ የቪዲዮውን ታሪክ ገልብጣችሁ አንብቡት፤ የረዳት ከፊርማዋ በፊት ያስቀረችው መብት ነው። የትናንቷ ልጅ የፈረመችው «ወደፊት በሚፈጠር በማናቸውም ዘዴ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሊ ያለፈችበትን በር በሩቁ ይዘጋዋል። በምን ትከሳለች?

«ፎርማሊቲ ነው» ይሏችኋል። ፎርማሊቲ ከሆነ ይሰረዛ! አንድ ቀን «ይህን መስመር እንሰርዘው» ያልኩት ደንበኛ ፊቱ ምን እንደመሰለ ብታዩ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ካሴት ብቻ አይደለም። ንጹሕ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው ድምፃችሁን ለኤአይ አስተምሮ፣ እናንተ ያላያችሁትን ጽሑፍ በእናንተው ድምፅ ሊያስነብብ ይችላል። የአሜሪካ የድምፅ ተዋንያን በ2024 በቪዲዮ ጌም ኩባንያዎች ላይ የሥራ ማቆም አድማ የመቱት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። እነሱ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩም ይደራደራል።

የእኛዎቹ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ጎበዞች ናቸው። ባነር፣ ሻይ፣ የምስክር ወረቀት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከዋኝ» ለሚለው፣ ለሚዘፍነውም ለሚተውነውም ሰው የራሱን መብት እንደሰጠ እስካሁን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲነገር አልሰማሁም። ስለዚሁ መብት ደርሼ የጠየቅኩት አንድ ቢሮ ደግሞ «ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ» አለኝ፤ አቀረብኩ፤ «ደብዳቤው መዝገብ ቤት ነው» ተባልኩ። እስካሁን እዚያው ነው።

እስከዚያው ውሉ ላይ እነዚህን አስጽፉ፦ ለየትኛው ማስታወቂያ እንደሆነ፣ የት የት እንደሚተላለፍ፣ እስከ መቼ፣ ከዚያ ካለፈ ስንት እንደሚጨመር፣ ድምፁ ለኤአይ ማስተማሪያ እንደማይውል። አምስት መስመር ነው። ደንበኛው እምቢ ካለ የትኛውን እንዳልተቀበለ ጠይቁት፣ የፈለገው ነገር ያኔ ይገባችኋል።

ይህን አንድ ገጽ ናሙና ውል አድርጎ የሚያዘጋጅ የሕግ ባለሙያ ካለ ይጻፍልኝ። ወረቀቱና ቀለሙ በእኔ ነው፤ ከማይኩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ።