0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.3 የማይሆኑት ለምንድን ነው?

ኦክታቭ የተባለውን ነፃ የስሌት ፕሮግራም ከፍቶ 0.1 + 0.2 == 0.3 ብሎ የጻፈ ሰው የሚያገኘው መልስ 0 ነው። ዜሮው «ሐሰት» ማለት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች እኩል ቢሆኑ ኖሮ 1 ይመጣ ነበር። ፕሮግራሙ ግን አልተሳሳተም።

ኦክታቭ ማትላብ ለተባለው የስሌት ቋንቋ የቅርብ ዘመድ ነው። ማትላብን የጀመሩት አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሊቭ ሞለር ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ሐሳባቸው ተማሪዎች የፎርትራን ፕሮግራም መጻፍ ሳያስፈልጋቸው በማትሪክስ እንዲሠሩ ነበር። በኦክታቭም በማትላብም የማወዳደሪያ ምልክት ሙሉውን የቁጥር ረድፍ በአንዴ ይጠይቃል። አምስት ተማሪዎች 45፣ 72፣ 88፣ 50 እና 91 አመጡ እንበል። ረድፉ >= 50 ተብሎ ሲጠየቅ 0 1 1 1 1 ይመልሳል። መልሶቹን መደመር 4 ይሰጣል፤ ያለፉት ተማሪዎች በአንድ መስመር ተቆጠሩ ማለት ነው።

ወጥመዱም እዚሁ አለ። ከ50 እስከ 80 ያመጡትን የሚፈልግ ጀማሪ፣ በሒሳብ ክፍል እንደለመደው 50 <= ውጤት <= 80 ብሎ ይጽፋል። የሚመጣለት 1 1 1 1 1 ነው፤ 45 ያመጣውም 91 ያመጣውም ተካተዋል። ኦክታቭ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ መጀመሪያ 50 <= ውጤት የሚለውን ወደ 0 እና 1 ይለውጣል፤ ቀጥሎ እነዚያኑ 0 እና 1 ከ80 ጋር ያወዳድራል። ሁለቱም ከ80 ያንሳሉ! ሥራውን የሚያቆም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ አደጋውም ይኸው ነው። ከፓይተን ቋንቋ የመጣ ሰው በተለይ መጠንቀቅ አለበት፤ እዚያ ለነጠላ ቁጥር ይህ አጻጻፍ በትክክል ይሠራል። በኦክታቭ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ በቅንፍ ተጽፈው በ & ይያያዛሉ፤ ያኔ 0 1 0 1 0 ይወጣል።

ወደ 0.3 እንመለስ። 1 ለ3 ሲካፈል 0.333 እያለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ለሚጽፈው ኮምፒውተርም አንድ አሥረኛ ማለቂያ የለውም። በ64 ቢት ውስጥ እንዲገባ ጫፉ ይከረከማል። ስለዚህ ድምሩ 0.30000000000000004 ገደማ ይሆናል፣ == ደግሞ ይህችን ታህል ልዩነት እንኳ አያልፍም።

መፍትሔው ሁለቱን ቁጥሮች አቀናንሶ ልዩነቱ ከተፈቀደው ገደብ ማነሱን መጠየቅ ነው። ገደቡን በዘፈቀደ መምረጥ ግን አይገባም። አንድ ሚሊዮን አካባቢ ባሉ ቁጥሮች መካከል ኮምፒውተሩ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ክፍተት 0.0000000001 ያህል ነው፤ ከዚያ ያነሰ ገደብ ያስቀመጠ ሰው ተመልሶ == እንደጻፈ ይቆጠራል። ገደቡ ከቁጥሮቹ መጠን ጋር አብሮ ማደግ አለበት።

አንድ እሴት ደግሞ ምንም ገደብ አይረዳውም፦ ናን። 0 ለ0 ሲካፈል ይመጣል፤ ያልተመዘገበ ልኬትንም ይወክላል። ከራሱ ጋር እንኳ በ == ሲወዳደር መልሱ 0 ነው። በመረጃው ውስጥ ባዶ ቦታዎችን በ == የሚፈልግ ባለሙያ አንድም አያገኝም፤ ለዚህ ተብሎ በተሠራው የናን መፈተሻ ትእዛዝ መፈለግ አለበት።