ተጨማሪ መረጃ፦ ሙቀትና አቧራ የሚችል ላፕቶፕ

እንደ ሸዋሮቢት ባለ ሞቃት ቆላ ለትምህርት ቤት ላፕቶፕ ሲገዛ፣ ከዋጋው እኩል ሊታሰብበት የሚገባው አቧራው ነው። የብዙ ላፕቶፖች ማራገቢያ አየር ሲስብ አቧራውንም አብሮ ይስባል፤ አቧራው ሲጠራቀም ማሽኑ ይግላል፤ በመጨረሻም ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ «የ100 ዶላር ላፕቶፕ» ብሎ ያስተዋወቀው ኤክስኦ ለእንዲህ ያለ ቦታ የታሰበ ነበር። ማራገቢያ የለውም፤ የቁልፍ ሰሌዳው በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይም ይነበባል። እንደ ጆሮ የቆሙት ሁለት አንቴናዎቹ ሲታጠፉ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ይከድናሉ፤ እንዴት ያለ ብልህ አሠራር ነው! በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦዎች ለተማሪዎች ተሰጥተዋል፤ የግዕዝ ፊደል ያለው የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶለት ነበር።

ዋጋው ግን 100 ዶላር ላይ አልቆመም፤ ወደ 190 ተጠጋ። ተለዋጭ ባትሪ፣ መለዋወጫና የመምህራን ሥልጠና ከዚህ ውጭ ነበሩ። የትኛውም ላፕቶፕ ሲገዛ ኤሌክትሪኩም ቀድሞ ይታሰብ፤ እያንዳንዳቸው 65 ዋት የሚወስዱ 40 ቻርጀሮች በአንድ ጊዜ ሲሰኩ 2,600 ዋት ይሆናሉ። ይህ 10 አምፔር ብቻ የሚችል ማከፋፈያ በ220 ቮልት ከሚሸከመው 2,200 ዋት በላይ ነው፤ ገመዱ ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ስለዚህ በየተራ፣ በተለያየ መስመር ይሰካ።